ከጓሮ ወደ አዳራሽ፤ ባቻታና የዳንስ ትምህርት ቤቶች

በማድሪድ፣ በለንደን፣ በሚላኖ ወይም በኒው ዮርክ ከሚገኙት የላቲን ዳንስ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ የሚል ሰው፣ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚያየው የትምህርት ሰዓት ዝርዝር ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው በጣም የተለየ ነው። ያን ጊዜ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች የሚሞላው ሳልሳ ነበር። ባቻታ የሚባለው ዳንስ ቢገኝ እንኳ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያውም የሳልሳ ተማሪዎች ላባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ እንደ ማረፊያ ሆኖ የሚሰጥ ነበር። ዛሬ ግን ባቻታ ከሳልሳ ጎን እኩል ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ በአንዳንድ ስፍራም ባለቤቱን ከቤቱ ያስወጣ እንግዳ መስሏል። አንዱ ቀን ለጀማሪዎች፣ አንዱ ቀን ለመካከለኞች፣ አንዱ ቀን ለበሰሉት እየተባለ ክፍል ይከፈትለታል፤ ማታ ለሚደረገው ጭፈራም ለብቻው አዳራሽ ይያዝለታል።

ይህን ነገር ለዛሬው እሑድ የመረጥነው የእግር አጣጣል ለማስተማር ብለን አይደለም። ያ የዳንስ አስተማሪዎች ሥራ ነው። እኛ ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም በትምህርት ገበታና በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ላሉት ወጣቶች ለማሳየት የምንፈልገው ሌላ ነው። ትናንት የድኻና የሰካራም ዘፈን ተብሎ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ተገፍቶ የኖረ ነገር እንዴት ሆኖ የዓለም ሀብት ለመባል እንደ በቃ፣ ከተወለደበት ጓሮ ወጥቶ መስተዋት ባለበት አዳራሽ ውስጥ በክፍያ ትምህርት ሲሆንም ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጎደለበት ለመመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ባቻታ ከየት መጣ?

የዶሚኒካን ሬፑብሊክ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ሂስፓኒዮላ የተባለችውን ደሴት ከሀይቲ ጋር ተካፍላ የምትኖር አገር ናት። ዋና ከተማዋ ሳንቶ ዶሚንጎ ይባላል። በዚያ አገር ሰው አነጋገር «ባቻታ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው የዘፈን ስም አልነበረም። ጎረቤታሞች በጓሮ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው፣ የተገኘው መጠጥ ቀርቦ፣ ጊታር መምታት የሚያውቀውም ጊታሩን ይዞ መጥቶ የሚጫወቱበት፣ ጥሪ ወረቀት የማያስፈልገው ድግስ ማለት ነበር። በዚህ ጓሮ የሚሰማው ከኩባ የመጣው ቦሌሮና ይህን የመሳሰለው የጊታር ዘፈን ነው። የድግሱ ስም ቀስ በቀስ ለዘፈኑ ተላለፈ፤ ከዘፈኑም ለዳንሱ ተላለፈ።

በዚያን ዘመን አገሪቱን የሚገዛው ራፋኤል ትሩሂዮ የተባለው አምባገነን ነበር። ይህ ሰው ከ1930 እስከ 1961 ድረስ ሥልጣኑን ጨብጦ ኖረ። ሲነሣም ሜሬንጌ የተባለውን የባላገር ዘፈን ለፖለቲካ ቅስቀሳው ተጠቀመበት። ሜሬንጌ ቀድሞ በከተማው መኳንንት ዘንድ የተናቀ ነበር፤ ነገር ግን ገዥው ከወደደው በኋላ በትልልቅ ኦርኬስትራ እየተቀነባበረ በቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ የሚደነስ ሆነ። በጊዜው ከሁሉ የገነነው የራዲዮ ጣቢያ ላ ቮስ ዶሚኒካና የሚመራው በትሩሂዮ ወንድም፣ በቅጽል ስሙ ፔታን በሚባለው በሆሴ አሪስሜንዲ ትሩሂዮ ነበር። እንግዲህ ዘፈን የሚሰማበትን በር ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ ሲይዘው፣ በጓሮ ለሚቀመጠው ባለ ጊታር በሩ መዘጋቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ትሩሂዮ በግንቦት ወር 1961 ተገደለ። በ1962 ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን የተባለው ዘፋኝ ዛሬ የመጀመሪያው የባቻታ ሸክላ ተብሎ የሚቆጠረውን አስቀረጸ። ባላገሩም እንደ ልቡ የመንቀሳቀስ ነጻነት ስላገኘ እየነቀለ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ጎረፈ። በከተማው ዳር በቆርቆሮና በሣንቃ ጎጆ ሠርቶ የቀን ሥራ ፈላጊ ሆነ። አገሩን ትቶ፣ ዘመዱን ትቶ፣ ብዙ ጊዜም ፍቅረኛውን ትቶ ወይም በፍቅረኛው ተትቶ የመጣ ሰው ማታ በቡና ቤት ሲቀመጥ የሚፈልገው የኦርኬስትራ ጩኸት አይደለም። ኀዘኑን የሚነግርለት አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ይፈልጋል። ባቻታ ያንን ሰጠው። ስለዚህም ዘፈኑ ብዙ ጊዜ «የምሬት ሙዚቃ» እየተባለ ይጠራ ነበር። የተከዳ ወንድ፣ ያዘነች ሴት፣ የማታ ብርጭቆ፣ የማይመለስ ደብዳቤ፣ የዘፈኑ ጉዳይ ይህን የመሰለ ነበር። ዘፋኞቹ ግን ወንዶች ብቻ አልነበሩም፤ እንደ ሜሊዳ ሮድሪጌስ ያሉ ሴቶችም በ1960ዎቹ ዓመታት የራሳቸውን ብሶት በራሳቸው አንደበት አዚመዋል።

የተማረው ክፍል ግን ይህን ለመስማት አልፈለገም። «ባቻታ» ማለት ብልግና፣ የቡና ቤት ነገር፣ ያልሠለጠነ ሰው ጠባይ ማለት ሆነ። በእኛም አገር «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስንት ዘመን እንደ ስድብ ሲወረወር እንደ ኖረ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የባቻታ ሸክላ ከትልልቆቹ የሙዚቃ መደብሮች ይልቅ በመንገድ ዳር ጉልት ላይ ይሸጥ ነበር። በብዙ ጣቢያዎች ላይ አይሰማም፤ ራዳሜስ አራሴና በ1960ዎቹ ያቋቋመው ራዲዮ ጓራቺታ ግን ለድኻው ሕዝብ የጊታሩን ዘፈን ሳያፍር ያሰማ ነበር። አንድ ነጋዴ ከገበያው ጥቅም ተነሥቶ ያደረገው ነገር የአገር ባህል ጠባቂ ሆኖ ተገኘ ቢባል ሐሰት አይደለም።

መሣሪያዎቹና ምቱ

ባቻታ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መሪው ጊታር ዜማውን ጠብ ጠብ እያደረገ ያዘንባል፤ ሁለተኛው ጊታር ምቱን ይዞ ይከተለዋል፤ ቤዙ ከሥር ይደግፋል። ቦንጎ የሚባሉት ሁለት ትናንሽ ከበሮዎች በጉልበት መካከል ተይዘው በእጅ ይመታሉ። አምስተኛው ጉዊራ ነው፤ ይኸውም ላዩ የተሻከረ ድቡልቡል ቆርቆሮ ሆኖ በብረት ዘንግ የሚፋቅ ነው። ቀድሞ በጉዊራው ፈንታ ውስጡ ፍሬ ያለበት ቅል ይነቀነቅ ነበር፤ በኋላ ግን ባቻታ እያደገና እየፈጠነ ሲሄድ ጉዊራውን ከሜሬንጌ ተዋሰ። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን፤ ባቻታ ራሱ ከጎረቤት የመዋስ ልማድ ያለው ነው።

ምቱ በአራት ይቆጠራል። ሦስቱን ምት እግር ይራመዳል፤ በአራተኛው ምት እግር መሬቱን በጣቱ ነካ አድርጎ ብቻ ይመለሳል፤ በዚያው ምት ዳሌ ከፍ ይላል። ከዚያም በሌላው ወገን እንደዚሁ ይደገማል። ጥንድ ሆነው የሚደንሱት ሰዎች በትውልድ አገሩ ብዙ ቦታ አይፈልጉም። ተቃቅፈው ቆመው፣ እንደ ቦሌሮው በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ይራመዳሉ፤ ጊታሩ ሲጋጋል ደግሞ እግር በምቶቹ መካከል ተጨማሪ እርምጃ እያስገባ ይጫወታል። የቦንጎው መቺ ዘፈኑ ከግጥም ወደ አዝማች፣ ከአዝማችም ወደ ጊታሩ መጋጋል ሲሸጋገር ምቱን ይለዋውጣል። ዶሚኒካኖች እነዚህን ሦስት ዓይነት አመታቶች ዴሬቾ፣ ማሃኦና ማምቦ ይሏቸዋል። በጓሮ ያደገ ልጅ ስማቸውን ባያውቅም እግሩ ያውቃቸዋል።

የታሪኩ መለወጥ

ባቻታ ከንቀት የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። በ1987 ብላስ ዱራን የተባለው ዘፋኝ የኤሌክትሪክ ጊታር አስገባበትና ዘፈኑ ለጭፈራ የሚመች፣ ድምፁም የጎላ ሆነ። ከዚያም በሰሜን ምዕራብ ከሞንቴ ክሪስቲ አውራጃ የተነሡት ሉዊስ ቫርጋስ፣ አንቶኒ ሳንቶስና ራውሊን ሮድሪጌስ በዚሁ መንገድ ገፉበት። በ1990 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁዋን ሉዊስ ጌራ «ባቻታ ሮሳ» የተባለውን የዘፈን ስብስብ አወጣ። ጌራ በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረ፣ በሜሬንጌም የታወቀ ሰው ነበር። ስብስቡ በሚሊዮን እየተቆጠረ ተሸጠ፤ በ1992ም የግራሚን ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ትልልቆቹ ቤቶች ለባቻታ በራቸውን የከፈቱት ዘፈኑ ስለ ተለወጠ ብቻ አልነበረም፤ የዘፋኙ ልብስና የትምህርት ወረቀትም ስለ ተለወጠ ጭምር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ የጊታር ዘፈን ሲጫወቱ የኖሩት ድኾች ያላገኙትን ክብር ኮሌጅ የገባው ሰው አስገኘው። ጌራን ለዚህ መውቀስ አይገባም፤ ይልቁንም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድን ነገር ለማክበር የከበረ ሰው እስኪነካው የሚጠብቅ ኅብረተ ሰብ ስለ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። አሜሪካዊቱ ተመራማሪ ዲቦራ ፓቺኒ ኤርናንዴስ በ1995 ስለ ባቻታ ማኅበራዊ ታሪክ ባሳተመችው መጽሐፍ የመረመረችው ይህንኑ በዘፈንና በመደብ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በስደት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ዶሚኒካኖች ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በማንሃተን ሰሜንና በብሮንክስ ሠፈሩ። በብሮንክስ ያደጉት ወጣቶች አቬንቱራ የተባለውን ቡድን አቋቁመው፣ የወላጆቻቸውን ጊታር ከአሜሪካ ጎረምሶች ዘፈን ጋር አዋሐዱት። በ2002 የወጣው «ኦብሴሲዮን» የተባለው ዘፈናቸው በጣሊያንና በፈረንሳይ የሽያጭ ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆነ። ከቡድኑ የወጣው ሮሜዎ ሳንቶስ በ2014 የኒው ዮርክን ያንኪ ስታዲየም ሁለት ሌሊት ሞላው። የአውሮፓ ወጣት የዶሚኒካንን ጓሮ ሳያይ ዘፈኑን ወደደ፤ ወድዶትም «ይህ እንዴት ይደነሳል?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ይዞ የሄደው ቀድሞ ወደሚያውቀው ወደ ሳልሳ ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱ ለምን ተቀበለው?

የዳንስ ትምህርት ቤት የምጽዋት ቤት አይደለም። የአዳራሹን ኪራይና የአስተማሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ተማሪው ከሚሰጠው ወርኃዊ ክፍያ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ተማሪ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ቢቀር የሚጎዳው ቤቱ ነው። ሳልሳ ደግሞ ጀማሪን የሚያስፈራ ዳንስ ነው። ምቱ ፈጣን ነው፤ በስምንት ቁጥር ውስጥ ስድስት እርምጃ ብቻ አለው፤ አራተኛውና ስምንተኛው ያለ እርምጃ ያልፋሉ። መዞሩ ብዙ ነው። እንዲያውም የሳልሳ ሊቃውንት በአንደኛው ምት እንሰንዝር ወይስ እንደ ኒው ዮርኮች በሁለተኛው በሚለው ነገር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ተማሪው ዘፈኑ ውስጥ «አንድ» የት እንዳለ እስኪያገኘው ድረስ ብዙ ሳምንት ያልፋል።

ባቻታ ግን አራተኛዋን ምት ራሱ ይጠቁማል። ዘገምተኛ ዘፈን ከሆነ ጀማሪው በመጀመሪያው ምሽት ከአንድ ሰው ጋር ተያይዞ አንድ ዘፈን ለመጨረስ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰል። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወረቀት ሲያገላብጥ የዋለ፣ በባዕድ ከተማ ሰው የማያውቅ ወጣት ማታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰው ጋር ለመጫወት መቻሉ ትልቅ ደስታ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሶ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ይህን አይቶ አንዱን የባቻታ ክፍል ሁለት አደረገው፤ ሁለቱን አራት አደረገው። አስተማሪዎቹም ሳልሳ ብቻ ማወቅ እንጀራ የማያበላ መሆኑን ተረድተው እንደገና ተማሪ ሆኑ።

ክፍሉ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ተማሪዎች በመስተዋት ፊት ይሰለፋሉ። አስተማሪው እስከ ስምንት እየቆጠረ ወደ ቀኝ ሦስት፣ ወደ ግራ ሦስት ያራምዳቸዋል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፤ በየጥቂት ደቂቃው «ተቀያየሩ» ይባልና ሁሉም ከሁሉም ጋር ይለማመዳል። በመጨረሻም የተማሩት በአንድ ዘፈን ይፈተናል። ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ ዓይን አፋሩንም ደፋሩንም እኩል ያሠራል። ነገር ግን በስምንት ቁጥር የተከተፈ ዳንስ አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ይቀርና ዘፈኑ ይጠፋል። ተማሪው ከመስተዋቱ ውስጥ ራሱን ያያል እንጂ ቦንጎውን አይሰማም። ወደ ጎን የሚሄደው አረማመድ ለረድፍ ትምህርት የሚመች ስለሆነ ተስፋፋ፤ በአራት ማዕዘን ውስጥ የሚሠራው የጓሮው እግር ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች «የዶሚኒካን አረማመድ» ብለው ለብቻ የሚያስተምሩት ተጨማሪ ትምህርት ሆነ። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ ማለት ይህ ነው።

የካዲስ ትምህርትና ያስነሣው ክርክር

በደቡብ ስፔን በካዲስ ከተማ ኮርኬ ኤስካሎናና ጁዲት ኮርዴሮ የተባሉ የዳንስ አስተማሪዎች በ2000ዎቹ ዓመታት አዲስ ዘዴ አወጡ። «ባቻታ ሴንሱዋል» ይባላል፤ የስሜት ባቻታ እንደ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ዋናው ነገር እግር ሳይሆን ደረትና ወገብ ነው። ሰውነት እንደ ማዕበል ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ መሪው የባልደረባውን ጀርባና ትከሻ በማንቀሳቀስ ይመራል። ከብራዚል ዙክ የተወሰደ እንቅስቃሴም ይታይበታል። ዘዴው በደረጃ ተከፋፍሎ የሚሰጥ፣ አስተማሪ የሚያሠለጥን በመሆኑ ከከተማ ወደ ከተማ በቶሎ ተዛመተ። ከዘዴውም ጋር የእንግሊዝኛ የፍቅር ዘፈኖችን የባቻታ ምት እያለበሱ ማጫወት ልማድ ሆነ።

ክርክሩ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። አንዱ ወገን «ይህ ባቻታ አይደለም፤ ጊታሩን አውጥታችሁ፣ እግሩን ቆርጣችሁ፣ ስሙን ብቻ አስቀራችሁ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ዳንስ ሕያው ነገር ነው፤ ካልተለወጠ ይሞታል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ባቻታ ራሱ ከቦሌሮ ተወልዶ፣ ከሜሬንጌ ጉዊራ ተውሶ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ተለውጦ የመጣ መሆኑን ከላይ አይተናል። መለወጥ ወንጀል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ወንጀለኞች ዶሚኒካኖቹ ራሳቸው በሆኑ ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። እነርሱ ሲለውጡት ምን እንደሚለውጡ ያውቁ ነበር፤ አሮጌው በጆሯቸው አዲሱ በእጃቸው ነበር። አሮጌውን ሳይሰማ አዲሱን ብቻ የሚማር ተማሪ ግን ለወጥሁ ለማለት አይችልም፤ የለወጠው ነገር ምን እንደ ነበረ አያውቅምና።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው አዲሱን ዳንስ ስለ ማስተማሩ አይደለም። ባለ ዕዳ መሆኑን ስለ መርሳቱ ነው። ከሰው ጓሮ የወሰደውን ነገር ለገበያ ያቀረበ ሰው ቢያንስ የጓሮውን ባለቤት ስም መጥራት ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየክፍሉ መጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ ያህል እግርን አሳርፎ ጊታሩን፣ ቦንጎውንና ጉዊራውን ለይቶ ማሰማት ይቻላል። ካልዴሮን ማን እንደ ነበረ፣ ዘፈኑ ለምን የምሬት ሙዚቃ እንደ ተባለ መናገር ይቻላል። በጭፈራው ምሽት ከተዋሱት ዘፈኖች መካከል የዶሚኒካኖቹን ሸክላም ማጫወት ይቻላል። ለልዩ ትምህርት እንግዳ ሲጠራም በዚያው ከተማ የሚኖረውን ዶሚኒካናዊ አስተማሪ ማስታወስና እንደ ሌላው እኩል መክፈል ይገባል። ባቻታ በየከተማው እንጀራ ሲሆን የባቻታ ልጆች ከገበታው ቢጎድሉ ነውሩ የማን ነው?

ስለ ጨዋነት

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ተቃቅፎ የሚደነስ ዳንስ ለወጣት ምን ይበጃል?» ብለው እንደሚጠይቁን እናውቃለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ባቻታ ቅርበት ያለበት ዳንስ ነው፤ የስሜት ባቻታ የተባለውም ይብሳል። ነገር ግን ነውር የሚመጣው ከእርምጃው ሳይሆን ከሰውየው ጠባይ ነው። ደህና ትምህርት ቤት ከእግር አጣጣል በፊት የሚያስተምረው ይህንን ነው። ለመደነስ መጠየቅ አለ እንጂ ጎትቶ ማስነሣት የለም፤ እምቢ መባልም ስድብ አይደለም፤ ምን ያህል መቀራረብ እንደሚገባ የሚወስነው ይበልጥ መራቅ የሚፈልገው ሰው ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ አመስግኖ መለያየት ነው። ይህን ደንብ በግልጽ የማይናገር አስተማሪ፣ ራሱ የደንቡ አፍራሽ የሆነ አስተማሪ ሲገኝም ወጣቱ ወንድም ሆነ ወጣቷ ሴት ያለ አንዳች ይሉኝታ ክፍሉን ጥለው ሊወጡ ይገባል። ዳንስ የሚያስተምረው ትልቁ ነገር የሌላውን ሰው ሚዛን መጠበቅ ነው፤ ይህን የተማረ ሰው በመሥሪያ ቤቱም ሆነ በቤቱ አይጎዳም።

ቦጎታ ላይ የተገናኙ ሁለት ስሞች

በታኅሣሥ ወር 2019 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የዩኔስኮ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ጉባኤ የዶሚኒካን ባቻታ ሙዚቃና ዳንስ በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ ሜሬንጌ ቀድሞ በ2016 ተጽፎ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም፤ የጥምቀት በዓላችን በዚሁ መዝገብ ላይ የተጻፈው በዚያው ጉባኤ ነውና። አንዱ ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያንና በሕዝብ ተከብሮ የኖረ በዓል ነው፤ ሁለተኛው ከድኾች ጓሮ የወጣና የገዛ አገሩ ሹማምንት ያፈሩበት ጭፈራ ነው። መዝገቡ ግን ሁለቱን በአንድ ጉባኤ ተቀበላቸው።

ለዩኔስኮ በቀረበው መግለጫ ላይ ዶሚኒካናዊ ልጅ ባቻታን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በራሱ ጊዜ እንደሚማረው ተነግሯል። ያም ሆኖ ይህን ዳንስ የሚያስተምሩ ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውም በዚያው ተጠቅሷል። ይህ የሚያስገርም ነው። ባለቤቶቹም ቢሆኑ ጓሮ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተዋል ማለት ነው። ከተማ ሲሰፋ ጓሮ ይጠብባል፤ ጎረቤትም ይበተናል፤ ያን ጊዜ አያት ለልጅ ልጅ በድግስ ላይ ያስተላልፈው የነበረውን ትምህርት ቤት ካልተረከበው ማንም አይረከበውም። እንግዲህ ትምህርት ቤት የጓሮ ጠላት ነው ማለት አይቻልም። አደራውን ካወቀ ወራሹ ነው፤ ካላወቀ ግን ገበያተኛ ብቻ ነው።

የላቲን ምት ለአዲስ አበባም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ሄደው የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ ተምረዋል፤ ከትምህርታቸውም ጋር ቋንቋውንና ጭፈራውን ይዘው የተመለሱ አሉ። በከተማችንም ሳልሳ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። እንግዲህ ባቻታ የሚማር ወጣት አስተማሪውን ከእርምጃው በፊት አንድ ነገር ቢጠይቀው መልካም ነው፤ «ይህ የማን ነው? እንዴትስ ወደ እኛ ደረሰ?» ቢለው ዳንሱ አይከብድበትም፤ ይጣፍጥለታል እንጂ።

በመጨረሻም አንድ ቃል በሥልጣን ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ወጣቶች ብንናገር ድፍረት አይሆንብንም። የዶሚኒካን ሬፑብሊክ ሹማምንት ባቻታን የናቁት ክፉዎች ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የተማሩ፣ አገራቸው እንድትሠለጥን የሚመኙ፣ ጊታሩን ሲሰሙ ግን ድህነትን የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ድህነቱን በማጥፋት ፈንታ ዘፈኑን ማፈን ቀለላቸው። ከእናንተ መካከል አንዱ ነገ የትኛው ዘፈን በራዲዮ እንዲሰማ፣ የትኛው ጭፈራ በመድረክ እንዲታይ፣ የትኛው ባለ ሙያ ደመወዝ እንዲቆረጥለት የሚወስን ፊርማ ይኖረዋል። ያን ቀን በወረቀቱ ላይ «ለክብር የማይመጥን» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ከቢሮው ወጥቶ ያንን ዘፈን በሚዘፈንበት ጓሮ ውስጥ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ቢያዳምጠው እንመክረዋለን።